ለጎል የተጠራ ቅሬ

እኔ ፈሪ ነኝ። ይህን ደብቄ አላውቅም። አውቶቡስ ዳገት ላይ ማርሽ ሲቀይር ዱአ የምጀምር፣ ስልክ ባልተለመደ ሰዓት ሲጮህ ገና ሳላነሳው ላብ የሚያጠምቀኝ ሰው ነኝ። ስለዚህ ልጄ ከሐይቅ ቡድን ጋር ውጫሌ ሄዶ ሊጫወት ነው ሲባል አብሬ ልሂድ ያልኩት ኳስ ወድጄ አልነበረም። ቤት ተቀምጬ ከምፈራ እያየሁት ብፈራ ይሻለኛል ብዬ ነው።

ለፍርሃቴ ምክንያት ነበረኝ። ባለፈው ዓመት እዚያው ሜዳ ላይ ተከላካያችን ከተመልካቹ መሐል በተወረወረ ድንጋይ ጆሮ ግንዱን ተመትቶ ነበር። ማን እንደወረወረው እስከ ዛሬ አልታወቀም፤ ድንጋይ መቼም ባለቤት የለውም። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። የቡድኑን ቁጥር ማልያ ላይ የምሰፋው፣ የተተረተረውን የምጠግነው እኔ ስለሆንኩ ያንን ማልያ ይዘውልኝ መጡ። ደሙን በቀዝቃዛ ውሃ አስለቀቅኩት። ልጁም ድኖ ዘንድሮ ይጫወታል። እኔ ግን ውጫሌ በተባለ ቁጥር የሚታየኝ በሳፋው ውስጥ የቀረው የውሃው ቀለም ነው።

የሚያስቀው ደግሞ ውጫሌ አገሬ መሆኑ ነው። የተወለድኩት ከሜዳው በላይ ባለው ተረተር ላይ ነው፤ ሐይቅ የመጣሁት ተድሬ ነው። እናቴ እስካሁን እዚያው ናት። ወንድሞቼ፣ የአጎቶቼ ልጆች፣ እየተቀባበሉ ያሳደጉኝ ጎረቤቶች ሁሉ ገበያቸው ውጫሌ ነው። ሰው የተወለደበትን አገር ይፈራል ወይ ብትሉኝ፣ ልጁ የሌላ ከተማ ማልያ ከለበሰ አዎ እላለሁ። ወንድሞቼን ነጥዬ ሳያቸው አልፈራቸውም። ከነዱላቸው ከሕዝብ ጋር ሲቆሙ ግን ፊታቸውም አይለይልኝ።

ልጄ አንድ ነው። አባቱ የጅቡቲን መንገድ የሚመላለስ የከባድ መኪና ሹፌር ነው፤ ከእኛ ጋር የሚያድርባቸው ሌሊቶች ጥቂት ናቸው። ስለዚህ ልጁን ያሳደግኩት ብቻዬን እየፈራሁ ነው። ሃያ ዓመት አልፎት፣ ጢም አብቅሎ፣ ዛሬም አስፋልት ሲሻገር ዓይኔ ይከተለዋል። እሱ በዚህ ይናደዳል። «እማ፣ ሰው ይስቅብኛል» ይለኛል። ይሳቅ።

ከጨዋታው በፊት በነበረው ሳምንት የደጋፊዎቹ አለቃ ሱቄ መጣ። ባጃጅ ነጂ ነው፤ ደግ፣ ወሬኛ፣ ቶሎ የሚሞቀው ልጅ። አለቃ ይባል እንጂ የሚያዛቸው ሰዎች አንድ አይሱዙ አይሞሉም። ይህ ነገር ያንገበግበዋል።

«እትዬ፣ የሐይቅ ሰው ፍቅር የለውም» አለኝ በሩ ላይ ቆሞ። «ውጫሌ ስንሄድ ተራራው ሁሉ ይጮህብናል። እነሱ እዚህ ሲመጡም የሚሰማው የነሱ ድምፅ ነው።»

«ፍቅር አይደለም የጎደለን» አልኩት። «ዙሪያህን አይተህ ታውቃለህ?»

ይህን ነገር ብዙ ጊዜ አስቤበታለሁ። ቀን ሙሉ የስፌት መኪና ስር እግሩን የሚያወዛውዝ ሰው ለማሰብ ጊዜ አያጣም። ሐይቅ ከተማ በአንድ በኩል ያላት ውሃ ነው። ሌላ ከተማ ገበሬና እረኛ፣ ባልቴትና ጎረምሳ ባለው አገር ሲከበብ፣ እኛ ግማሽ ጎናችንን ለዓሣ ሰጥተናል። ዓሣ ደግሞ አያጨበጭብም። ከውሃው ማዶ ያለው ሰው መንገዱም ገበያውም በሌላ በኩል ስለሆነ ስማችንን እንጂ እኛን አያውቅም። ደቡባችን ላይ ደሴ አለች። እግሩ ትንሽ የፈጠነ ልጅ ሁሉ ዓይኑ ወደዚያ ነው፤ ደጋፊውም አብሮት ይሄዳል። መሐላችንን አስፋልቱ ይሰነጥቀዋል። በአስፋልቱ የሚያልፈው መንገደኛ ወርዶ ዓሣውን ይበላል፣ እጁን ይታጠባል፣ ይሄዳል። እጁን ታጥቦ የሚሄድ ሰው ለማን ብሎ ይጮሃል? የቀሩት ወጣቶች ከሰዓት በኋላ ጨለማ ቤት ውስጥ ተፋፍገው በቴሌቪዥን ለእንግሊዝ ክለብ ይሟገታሉ። አንዱ እንዲያውም በዚያ ክለብ ሽንፈት ምክንያት ምሳ አልበላም ብሎ እናቱ ለእኔ ስሞታ ነግራኛለች፤ የሐይቅ ቡድን የት እንደሚለማመድ ግን አያውቅም።

ውጫሌ ግን የአምባሰል እምብርት ናት። ከየተረተሩ የሚወርደው የእግር መንገድ ሁሉ ማለቂያው እሷ ናት። ገበሬው ጉዳይ ያለው እዚያ፣ በጉን የሚሸጠው እዚያ፣ ጨው የሚገዛው እዚያ ነው። ሰው ደግሞ ሸቀጡን ይዞ ለሚሄድበት ከተማ ይጮሃል፤ ኳስ አወቀም አላወቀም። በዚያ ላይ እነሱ የዜማ ቅኝት እንኳ «አምባሰል» ተብሎ በስማቸው ተጠርቶላቸዋል። እኛ ያለን ዓሣ ነው።

ባጃጅ ነጂው ይህን ሁሉ ሰምቶ ራሱን ነቀነቀ። «እንግዲያው ድምፅ በሌላ መንገድ እናመጣለና» ብሎ ሄደ። ምን ሊያመጣ እንደሆነ አልጠየቅኩትም፤ ከበሮ ይሆናል ብዬ ነበር።

የጨዋታው ቀን ጥር ውስጥ ነበር፤ እህሉ ገብቷል፣ ገበሬው እጁ ፈታ ብሏል። የውጫሌም ገበያ የዋለው በዚያው ቀን ነው። ገበያ ማለት ዱላ የያዘ ሰው ማለት ነው። ጠዋት ለእናቴ ደወልኩላት።

«ልጅሽ ዛሬ እዚያ ይጫወታል» አልኳት። የልጅ ልጇን ልጅሽ ነው የምላት።

«ከደጄ ሆኜ አየዋለሁ» አለች። «ግን ከዚህ ሁሉም ፍየል ነው የሚያካክሉ፤ የትኛው እንደሆነ በምን አውቃለሁ?»

«ቀይ ጫማ ያደረገው ነው።»

«እንግዲህ ጎረቤቴ ዓይኗ ደህና ነው፣ እሷ ትንገረኝ። አንቺ ደግሞ እንዳትፈሪ፤ ፍርሃትሽ ልጁን ያሰናክለዋል።»

ተጫዋቾቹ በሚኒባስ ቀድመው ሄዱ። እኔ ከደጋፊዎቹ ጋር አይሱዙው ላይ ወጣሁ። ከሴት እኔና አንዲት ዓሣ ሻጭ ብቻ ነበርን። ትንሽ እንደሄድን ባጃጅ ነጂው ከእግሩ ስር ያለውን ማዳበሪያ ከፍቶ አሳየኝ። ጥሩምባ ነበር። የሰፈራችን ቅሬ ጥሩምባ።

ቅሬ ሌላው አገር እድር የሚለው ነው። እስላሙም ክርስቲያኑም በአንድ ቅሬ ይቀባበራል። እኛ ሰፈር ግን ያ ጥሩምባ ከተነፋ ቆይቷል። አሁን ሰው ሲሞት በባጃጅ ላይ ድምፅ ማጉያ ተጭኖ ይነገራል፤ ቀባሪውም ሰዓቱን በስልክ ይጠያየቃል። ጥሩምባው የቅሬው ጠሪ ቤት ተሰቅሎ ነበር፤ ጠሪው ደግሞ የባጃጅ ነጂው አጎት ነው። ባጃጅ ነጂው በከተማ ያደገ ስለሆነ የታየው ድምፁ ብቻ ነው። እኔ ግን ማዳበሪያውን መልሼ ሸፈንኩት።

«ይህንን እዚያ እንዳትነፋው» አልኩት። «እዚያ አገር አሁንም ሰው የሚጠራው በዚህ ነው።»

«አብሽሪ እትዬ» አለ። «መንገድ ላይ ብቻ ነው፤ ከተማው ሳንደርስ እሰበስበዋለሁ።»

እውነትም መንገድ ላይ አንዴ ነፋው፤ አይሱዙው በሳቅ ፈረሰ። ከዚያ ወደ ማዳበሪያው መለሰው። እኔ ግን እስከ ውጫሌ ድረስ ዓይኔን ከዚያ ማዳበሪያ ላይ አላነሳሁም። በግራችን የአምባሰል ተራራ አብሮን ሲሄድ፣ ድሮ ሳየው ደስ የሚለኝ ተራራ፣ ያን ቀን ሰው ተሸክሞ የሚጠብቀን መሰለኝ።

ሜዳው አጥር የለውም። መስመሩ ሰው ነው። ኳስ ከወጣች ተጫዋቹ የሚያነሳት ከዱላ መሐል ነው። ገበያተኛው ገና ጨዋታው ሳይጀመር በጉን በገመድ እንደያዘ፣ ጨውን እንደተሸከመ መጥቶ ዙሪያውን ሞልቶታል። ከበላዩ ያለው ዳገት ላይ ደግሞ ሌላ ሕዝብ። አይሱዙውን ከአንደኛው ጎል ጀርባ አቆሙት፤ እኛም አልወረድንም፤ መውረዱን የደፈረም የለም። ያለን ድምፅ እዚያ ላይ ተኮልኩሎ የሚጮህ ነው። ስንጮህ ለራሳችንም አይሰማንም ነበር።

ልጄ በግራ መስመር ላይ ነበር፤ ከሰዉ ጋር እየተሻሸ ነው የሚሮጠው። አንድ ሰው እጁን ዘርግቶ ከነካው ይወድቃል። ኳስ በደረሰው ቁጥር እኔ ኳሷን ሳይሆን ከጀርባው ያሉትን እጆች ነው የማየው። አንዱ ጎንበስ ካለ ድንጋይ ሊያነሳ ነው ብዬ ትንፋሼ ይቆማል፤ ሰውየው ጫማውን አስሮ ቀና ይላል። አንዱ ዱላውን ከትከሻው ካወረደ ልጄን ሊመታው ነው እላለሁ፤ እሱ የደከመ እጁን ነው የሚለዋውጠው። የፈሪ ዱላ አስር ነው ይባላል፤ የእኔ ዓይን ግን ያን ቀን ያየው ዱላ ሺህ ይሆናል።

እረፍት ወጥተው ተመለሱ። ምንም አልገባም። ምንም ባልገባ ቁጥር የአገሬው ድምፅ እየጎረነነ መጣ፤ እኔም በልቤ ምንም ሳይገባ ይለቅ እያልኩ ነበር። እኩል ወጥተን፣ ማንም ሳይከፋ፣ ሁሉም ወደ ቤቱ። ዱአዬ ይኸው ነበር።

ሊያልቅ ጥቂት ሲቀር ልጄ ኳሷን ከግራ ይዟት ገባ። አንዱን አለፈ፣ ሁለተኛው ተንሸራተተለት፤ መታ። ከእኛ በተቃራኒ ያለው ጎል ውስጥ ገባች። እሱም በሩጫ እንደመጣ እጁን ዘርግቶ በጀርባው ተዘረረ። ጓደኞቹ እየሮጡ መጥተው ላዩ ላይ ተከመሩበት። ከሱ የሚታየኝ የቀይ ጫማው ጫፍ ብቻ ነበር። ደስታ መሆኑን እያወቅኩ እንኳ፣ ልጄ ከታች ታፈነ ብዬ ልጮህ አፌን ስከፍት፣ ጥሩምባው ከጆሮዬ ስር ተነፋ።

ባጃጅ ነጂው ራሱን አላወቀም ነበር። ኋላ ሲጠየቅ እጁ መቼ ማዳበሪያው ውስጥ እንደገባ አላስታውስም አለ፤ አምነዋለሁ። ረጅም፣ ወፍራም፣ ጫፉ ላይ የሚሰነጠቅ ድምፅ ነው። ተራራው ተቀብሎ መለሰው። እሱም ተራራው ሲመልስለት ደስ ብሎት ደገመው።

ከዚያ ሜዳው ዝም አለ። ያ ሁሉ ሕዝብ አንድ ጊዜ ዝም አለ። ባርኔጣ ያደረገው አወለቀ። ወንዶቹ ፊታቸውን ከሜዳው አዙረው ወደ ዳገቱ ያያሉ፤ የማን ቤት ነው እያሉ ጢስና ሩጫ ይፈልጋሉ። ሴቶቹ መቀነታቸውን አጠበቁ። አጠገባችን የነበረ አንድ ሽማግሌ ከንፈሩ እየተንቀሳቀሰ ነበር። እኔም፣ ጥሩምባው ከጎኔ እንደተነፋ እያወቅኩ፣ ሳላስበው እጄ ሻሼን ሲያወርድ አገኘሁት። አገሬ ነውና።

ቀጥሎ የሆነውን የተረዳሁት ኋላ ላይ ነው። ከላይ፣ ከእናቴ ደጅ፣ ጎረቤቷ የምታየው ይህን ነበር፤ ቀይ ጫማ ያደረገው ልጅ ሮጠ፣ ወደቀ፣ ሰዎች እየሮጡ መጥተው ላዩ ላይ ተደፉ፣ ጥሩምባ ተነፋ። የተነፋውም ከሐይቅ ሰዎች መኪና ላይ ነው። ሌላ ምን ትበል? «ያንቺው ልጅ ነው» ብላ ተናገረች። ከዚያ ተረተር ወደዚህኛው፣ ከዚህኛው ወደ ማዶው ወሬው ዞረ። ጥሩምባ ከተሰማ የሚወቃው አውድማውን ይተዋል፣ የሚፈጨው ወፍጮ ቤት ተራውን ይተዋል፤ ያልመጣ በቅሬው ይቀጣል፣ ከቅጣቱም ነውሩ ይብሳል። እና ገበያ ያልወረደው ሁሉ ወረደ። ሕዝብ አነሰን ብለን በገዛ ጥሩምባችን ሕዝብ ጠራን፤ የጠራነውም የነሱን ነው።

ሜዳው ላይ ግን አገሬው ነገሩን ቶሎ ገባው። አንዱ ወደ እኛ ጠቆመ። «እነሱ ናቸው የነፉት» አለ። ዱላው ሁሉ ወደ እኛ ዞረ። ዳኛው ጨዋታውን አቆመ። ሰዉ በሩጫ አልመጣም፤ በዝግታ ነው መኪናችንን የከበበው፤ ይህ ነው የባሰብኝ። የሚሮጥ ሰው ይደክመዋል። ሹፌሩ ሞተር አስነስቶ መልሶ አጠፋው፤ የሚሄድበት መንገድ አልነበረም። ዓሣ ሻጯ እጄን ያዘችኝ። እኔ የማስበው ስለ መኪናው አይደለም። ልጄ ሜዳው መሐል ብቻውን ቆሟል፣ ወደ ሚኒባሱ ሂድ ልለው ብፈልግ ድምፄ የለም፤ እሱ ደግሞ እናቱን ሲከቧት አይቶ ወደ እኛ መሮጥ ጀመረ። ያረቢ፣ ባለህበት ቁም፣ ባለህበት ቁም እላለሁ በሆዴ። 

የአካባቢው ቅሬ ዳኛ፣ የቅሬው አለቃ ማለት ነው፣ ሕዝቡን ከፍሎ መኪናው ጥግ መጣ። ቀጭን፣ ነጭ ጢም ያለው፣ ድምፁን የማያነሳ ሰው ነው።

«ማነው የሞተው?» አለ።

ባጃጅ ነጂው ጥሩምባውን ከጀርባው ደበቀው። «ማንም አልሞተም አያ። ለጎሉ ነው።»

«ለምን?»

«ለጎሉ። ጎል ስላገባን።»

ሽማግሌው ዓይኑን ወደ ተደበቀው ጥሩምባ አዞረ። ከጀርባው «ሟርት ነው!» የሚል ተነሳ፤ «ሞት ሊጠሩብን ነው የመጡ» የሚል ቀጠለ። አንዱ የመኪናውን ጎን በዱላው መታው። ቆርቆሮው ሲጮህ አይሱዙው ላይ ያለነው ሁሉ ወደ መሐል ተሰበሰብን።

«እዚህ አገር ይህ የሚነፋው ለአንድ ነገር ነው» አለ ሽማግሌው። «ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ አሁን በምን ትመልሰዋለህ? እየው፣ ሰዉ እየወረደ ነው።»

ዞሬ አየሁ። ከሦስቱም ተረተር በእግር መንገዱ ሰው ይወርዳል። ሼኩም ቄሱም፣ ያሮጁት በዱላ ተደግፈው፣ ሴቶቹ መቀነታቸውን ወገባቸው ላይ አስረው፣ አቧራው ከኋላቸው። ከፊት ደግሞ ሁለት ሴቶች ደግፈዋት የምትሮጥ አሮጊት አለች። ጉልበቷ ታማሚ ነው፤ ያን ዳገት ከወረደች ዓመታት ሆኗታል። የምታለቅሰው ከሩቅ ተሰማኝ። የልጄን ስም እየጠራች ነበር የምታለቅሰው።

እናቴ ናት። በሕይወት ላለ ልጄ ሙሾ እያወረደች ነው የምትመጣው።

በሕይወቴ እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም። ዱላው ተረሳኝ። ለቆመ ሰው ሲለቀስ ሰምቼ አላውቅም፤ አይደረግም። ቃሉ እንደወጣ የሚይዘው ሰው ፈልጎ ልጄ ላይ የሚያርፍ መሰለኝ። ከመኪናው እንዴት እንደወረድኩ አላውቅም። «ዝም በሏት፣ አፏን ያዙልኝ» እያልኩ በዱላዎቹ መሐል አለፍኩ፤ ማንም አልነካኝም፣ እንዲያውም መንገድ ለቀቁልኝ። ያወቁኝ ያን ጊዜ ነው። «የአሮጊቷ ልጅ አይደለችም?» ሲባባሉ ሰማሁ።

ልጄ ቀድሞኝ ደረሰ። ፊቷ ቆመ። አላየችውም፤ ዓይኗ በእንባ ተሞልቷል፤ በሱ በኩል አልፋ ወደ ሜዳው ልትሄድ ገፋችው።

«እምዬ» አላት። «እኔ ነኝ። አለሁ።»

ቆመች። እጇን አንስታ ፊቱን ዳበሰችው። ትከሻውን፣ ደረቱን፣ ክንዱን። ጎንበስ ብላ ጉልበቱን ሁሉ ነካች፤ ቁና ቁና እየተነፈሰች።

«እስቲ ተናገር» አለችው።

«አለሁ እምዬ።»

«ድገመው።»

«አለሁ።»

ከዚያ መሬት ላይ ቁጭ አለች፤ እሱም ይዟት አብሯት ተቀመጠ። የወረደው ሕዝብ እየደረሰ ዙሪያውን ቆመ። ሬሳ ሊያነሳ የመጣ ሕዝብ ላብ ያጠመቀው ልጅ አገኘ። የሚስቅ አልነበረም። ዱላ የያዙትም ዱላቸውን ከትከሻቸው አውርደው መሬት አስደገፉት፤ ልጁ የማን የልጅ ልጅ እንደሆነ አሁን ሁሉም አውቋል።

የቅሬው ዳኛ መጣና ከበላያችን ቆመ። «ለቆመ ሰው ተለቅሷል» አለ። «ይህ እንዲህ ሆኖ አይቀርም። ቅሬ ከተጠራ ባዶውን አይበተንም። እጃችሁን ዘርጉ።»

ያ ሁሉ ሰው እጁን ዘረጋ። ገበያተኛው በጉን በክርኑ ይዞ፣ ተጫዋቹ የነሱም የኛም፣ ዳኛው ፊሽካውን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ፣ ባጃጅ ነጂው እያለቀሰ።

«ዕድሜውን ያርዝምለት» አለ ሽማግሌው።

«አሚን።»

«የተጠራው ቀን ይራቅ። ሽበቱን ያሳየው።»

«አሚን።»

«ቀባሪ አያሳጣው፤ ቀባሪ የሚፈልግበትን ቀን ግን ያርቀው።»

«አሚን።»

ተራራው ይህንንም ተቀብሎ መለሰው። ለሐይቅ ቡድን ተጫዋች እንዲህ ያለ ድምፅ ወጥቶ አያውቅም። ደስ ሊለኝ ሲገባ የቆምኩበት መሬት ይንቀሳቀሳል፤ አሚን ስል ጥርሴ እየተፋጨ ነበር።

እናቴ ግን ነፍሷ ሲመለስላት ቀና ብላ ዙሪያዋን አየች። ከማዶው ተረተር የመጡትን አየች፤ የተጣሏትን ጎረቤት አየች፤ ልጅ ያዘሉትን፣ ከአውድማ ገለባ ተሸክመው የመጡትን ሁሉ አየች። ፊቷ ላይ ደስታ የሚመስል ነገር መጣ። የልጄን አገጭ ይዛ ፊቱን ወደ ሰዉ አዞረችው።

«አየህ ሰውህን?» አለችው። «ይህ ሁሉ የወጣው ላንተ ነው።»

ልጄ በሐይቅ ማልያው እንደተቀመጠ ሰዉን አየ። 

ሽማግሌው ጥሩምባውን ከባጃጅ ነጂው ተቀበለው፤ ከራሱ ጋቢ ጫፍ ክር መዝዞ፣ ጨርቅ አስመጥቶ አፉን ወተፈውና አስሮ መለሰለት። «ለባለቤቱ እንዲህ እንደሆነ ስጠው» አለው። የጨዋታው ዳኛ የቀረውን ደቂቃ አጫውቶ ጨረሰ፤ አንድ ለባዶ አሸነፍን፤ አንድም ሰው አልጮኸም፤ እኛም። ወንድሞቼ እናቴን ለቀብሩ በመጣው ቃሬዛ ይዘው ወደ ላይ ወጡ። ልጄ አብሯቸው እስከ ዳገቱ እግር ሄዶ ተመለሰ።

ሲመለስ ሚኒባሱን ትቶ እኔ ጋ አይሱዙው ላይ ወጣ።  ባጃጅ ነጂው ፊቱን በክንዱ ሸፍኖ ይሄዳል። ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ሐይቁ ከሩቅ ታየን፤ ሰፊ ነው፣ ጎኑ ላይ ከተማዋ ጥቂት ቆርቆሮ ሆና ትታያለች።

«እማ» አለኝ ልጄ ቀስ ብሎ።

«ምን?»

«ጥሩምባው ሐይቅ ላይ ቢነፋ ስንት ሰው ይወጣልኝ ነበር?»

«አፍህን ዝጋ» አልኩት።

እሱ ሳቅ አለና ጭንቅላቱን ትከሻዬ ላይ ጣለ፤ ወዲያው እንቅልፍ ወሰደው። እኔ ውሃውን እያየሁ አሰብኩ። ከቀኝ በኩል ያለችው ጎረቤቴ ትወጣለች። የግራዎቹ ተከራዮች ናቸው፣ ገና ስማቸውንም በደንብ አላውቀው። ዓሣ ሻጯ ትወጣለች። ባጃጅ ነጂው ይወጣል። የቡድኑ ልጆች፣ ደሴ ያልሄዱት። አባቱ መንገድ ላይ ይሆናል፤ ቀብሩ ይጠብቀው ይሆን ወይ። ከዚያ ሌላ ሰው ስፈልግ ፈራሁና መቁጠሩን ተውኩት።